ራሷን የምትቆጣ ጃርት

ለእህቴ ልጅ፣ ለዚያች ነገር ወዳድ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? እንቅልፍሽስ? ምሳሽን በሰዓቱ ትበያለሽ ወይስ አሁንም ብስኩት በአንድ እጅ፣ ስልክ በሌላ እጅ ነው? እኛ ደህና ነን። የእኔ ወገብ እንደ ልማዱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በሰው ጭንቅላት ዙሪያ ሲዞር የሚውል ሰው ወገብ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ። አክስትሽም ደህና ናት፣ እኔን ማነጋገር ማቆሟን ካልቆጠርነው። ምክንያቱን ወደታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ። አትቸኩዪ፤ ደብዳቤን ከመጨረሻው መጀመር የአንቺ ክፉ አመል ነው።

ይህን ወረቀት ያነሳሁት ልከስሽ ነው። ከሳሽ እኔ፣ ተከሳሽ አንቺ፣ ዳኛ የለም። ከዚህ ቤት ስትወጪ ልብስሽን ወሰድሽ፣ ደግ አደረግሽ። ያንን ጥጡ የሚፈስ ትራስሽንም ወሰድሽ፣ እሱንም ደግ አደረግሽ። በፀጉር ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ ፊደሉን የሚያሳድገውን ዘዴ ግን ጭንቅላትሽ ውስጥ ይዘሽው ሄድሽ። ከሥዕሉ ግርጌ የሚያልፈው የትርጉም ጽሑፍ ዛሬ የጉንዳን ሰልፍ አክሏል። መነጽሬን ሰክቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንገቴን አስግጌ ሳነብ ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ "ጋሼ፣ ጆሮዬን አደራ" ይለኛል። ደንበኛችን መካኒኩ "ላስተካክልልህ" ብሎ ሪሞቱን ሲነካካ ደግሞ ጽሑፉ ወደ ሌላ ቋንቋ ዞረና ፊደሉ ሁሉ መሬት ላይ የፈሰሰ ምስማር መሰለ። አሁን የምናየው በግምት ነው። ተርጓሚያችን መካኒኩ ሆኗል። አንዲት ልጅ ሰማይ ሰማይ እያየች ስታለቅስ "የመኪናዋ ሞተር ነክሶ አልነሳ ብሏት ነው" ይላል። መኪና እኮ የላትም ብንለው "ታዲያ መኪና ማጣት አያስለቅስም?" ብሎ መለሰልን።

በወረቀት የመጣሁብሽ ስልክሽን ዘግተሽ ስለከረምሽ ነው። በር ሲዘጉበት በመስኮት የሚገባ አጎት እንዳለሽ ረስተሽ ከሆነ ይኸው አስታወስኩሽ።

ያለ አንቺ ያንን የጃፓን ካርቱን፣ አኒሜውን፣ ማየት ብቻን ዳማ እንደ መጫወት ነው። የሚከራከረኝ ጠፋ። እኔ እንደሆንኩ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ጠላቱን ከመምታቱ በፊት የቡጢውን ስም ጮኾ የሚጠራ ጀግና ዛሬም ጅል ነው እላለሁ። ቡጢ እንግዳ ነው እንዴ በስም የሚተዋወቀው? አንቺ ብትኖሪ "አጎቴ፣ አንተስ ምላጭ ከማንሳትህ በፊት አትነቃነቅ ትል የለ?" ትይኝና አፌን ታሲዢኝ ነበር። ዝናብ መትቶት የማይተኛ ፀጉርም እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሰውዬው ገደል ይገባል፣ ወንዝ ይወስደዋል፣ እሳት ይለበልበዋል፤ ፀጉሩ ግን አሁን ከእኔ ወንበር የተነሳ ይመስላል። ይህ ለሙያችን ስድብ ነው። ሞቶ ለሚነሳ ሰውም እንባዬን አላወጣም። አንዴ ተታልዬ አውጥቻለሁ፤ በሚቀጥለው ክፍል ሰውዬውን ሾርባ ፉት ሲል አገኘሁት።

ከሁሉ የሚብስብኝ የበቀል ታሪኮቹ ናቸው። ሰውዬው ቤቱ ይቃጠላል፣ ወገኑ ያልቃል፣ ቢላዋውን መሳል ይጀምራል። ክፍል በክፍል ይስላል። እኔም አብሬው እስላለሁ። ከዚያ የመጨረሻው ክፍል ላይ ጠላቱን እግሩ ሥር ከጣለ በኋላ ንፋስ ይነፍሳል፣ ሙዚቃ ይገባል፣ የልጅነት ትዝታ ይመጣል፣ ቢላዋውን ወርውሮ ያለቅሳል። ያን ጊዜ አንቺ ዓይንሽን እየጠረግሽ "ደስ አይልም?" ትይኛለሽ። አይልም። ይህን ያህል ቢላዋ የሳለ ሰው ቢያንስ ሽንኩርት ይክተፍበት። በዚህ ጉዳይ ላይ ያለኝ አስተያየት ሰሞኑን ይበልጥ ጠንክሯል።

ያንን ቪዥዋል ኖቭል የሚሉትን ነገር ላፕቶፕሽ ላይ ያሳየሽኝ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ሥዕሉ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ከሥሩ ቃል ይመጣል፤ ስትጫኚው ሌላ ቃል ይመጣል። አልፎ አልፎ ጨዋታው ራሱ ይጠይቅሻል፤ ልጅቷን ትከተያታለሽ ወይስ ቤትሽ ትገቢያለሽ ይልሻል። የመረጥሽው መንገድ ወደ አንዷ ሕይወት ይወስድሻል፣ የሌሎቹ ያመልጥሻል። መጀመሪያ "ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ጋዜጣ?" ብዬ አፌዝኩብሽ። በኋላ ግን ቤተ መጻሕፍት የምትሠራዋን ልጅ ተከትዬ ሄጄ፣ ታማ ስትሞትብኝ ጺሜን ሳልላጭ ሥራ ገባሁ። መምህሩ ደንበኛዬ እውነተኛ ሐዘን መስሎት እግዜር ያጥናህ አለኝ። አሜን አልኩት፤ ምን ልበለው?

ከዚያ ጨዋታው ተከታታይ ፊልም ሆኖ ወጣ። ያው ጨዋታ፣ ያችው አንቺ የተከተልሻት፣ በበረዶ ውስጥ ባቡር የምትጠብቅ ልጅ፣ አሁን እየተንቀሳቀሰች። እኔ ወደድኩት። ይንቀሳቀሳላ! አንቺ ግን ፊትሽ ጠቆረ። ምን ጎደለ ብዬ ስጠይቅሽ ያልሽኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ ትምህርት ቤት ያልጠገበ ሰው የሰማውን አይጥልም። "በጨዋታው ላይ ዝምታው በጣቴ ሥር ነበር" አልሽኝ። "ልጅቷ ጣቢያው ላይ ዝም ስትል፣ እኔ እስክጫን ድረስ ዝም ትላለች። ማልቀስ ከፈለግሁ ትጠብቀኛለች። ተከታታዩ ላይ ግን ዝምታውን ዳይሬክተሩ ወሰደው። እንባዬ ሳይደርስ ባቡሩ መጣ።" ደግሞም እንዲህ አልሽኝ፤ "በጨዋታው ላይ ጀግናው ፊት የለውም፣ ለዚህ ነው እኔ ልሆነው የቻልኩት። ተከታታዩ ላይ ፊት ሰጡትና ሌላ ሰው ሆነ።" ያን ቀን ማሽኔን አጥፍቼ ቆምኩ። ደንበኛው ግማሽ ጺሙን ይዞ ጠበቀኝ።

ይህንኑ ሐሳብ አስፍተሽ ጻፍሽው። እዚያ ሐሳብ ላይ ነው ሌባ የገባው።

ስሙን በዚህ ወረቀት ላይ አላሰፍረውም። አንቺ ባወጣሽለት ስም ጃርቱ ልበለው። ያንን እንደ እሾህ የቆመ ፀጉሩን በእኔ ጄል፣ በእኔ ማበጠሪያ፣ በእኔ ወገብ ህመም እያቆምኩለት፣ የፀጉሩን ጥላ ስለ አኒሜ የሚያወራበት የኢንተርኔት ቻናል ምልክት አደረገው። ጃርት ስትይው እሾሁን ብቻ አስበሽ ነበር። ጃርት ሌላም አመል አለው፤ የሚወፍረው ሰው በዘራው ማሳ ነው።

አጀማመራችሁ ክፉ አልነበረም። አንቺ ካሜራ ስታዪ ምላስሽ ይታሰራል፤ እሱ ብዕር ሲይዝ ጣቱ ይታሰራል። አንቺ ጻፊ፣ እሱ ይናገር ተባባላችሁ። ዓይንና እግር ተገናኙ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ከአንድ ገበታ ላይ ያደጋችሁ ሰዎች ናችሁ፣ ማን ይጠረጥራል? ከዚያ ተከታዩ በዛ፣ ጋዜጠኞች መጡ። አንዷ "ይህን ሁሉ ጽሑፍ ማን ነው የሚያዘጋጅልህ?" ብላ ጠየቀችው። ጃርቱ ፀጉሩን በጣቱ ነካ አድርጎ "ራሴ ነኝ፤ አንዲት ልጅ ትተይብልኛለች" አለ። እራት ላይ ሆነን ነው ያየነው። አንዲት ልጅ። አንቺ ተነሳሽ። ሳህንሽን አጠብሽ፣ የእኔንም አጠብሽ፣ በማግስቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ። ከዚያ ወዲያ አኒሜ የሚባል እንደማታዪ፣ መስመር እንደማትጽፊ በአጭር መልእክት አስታወቅሽን። አሁን በዚያ የስልክ ጥሪ ማዕከል ተቀምጠሽ ሌላ ሰው የጻፈልሽን ቃል ቀኑን ሙሉ ታነቢያለሽ አሉ። እሱ ያንቺን ያነባል፣ አንቺ የማንንም። ይህ ነው እኔን ያቃጠለኝ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አንቺን እጄ ላይ ስታስቀምጥ "አፏን እንዳይዘጉባት" ነበር ያለችኝ። ብዙ ሴት ልጇ ጠግባ እንድታድር ትለምናለች፤ እህቴ ይህንን ለመነችኝ።

አሁን የማታውቂውን ልንገርሽ። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ተከታታይ አኒሜዎችን በአማርኛ ድምፅ ሊያስተላልፍ ነው። የመጀመሪያው ደግሞ የትኛው ይመስልሻል? ያችው የባቡር ጣቢያዋ ልጅ። ንግግሯን ወደ አማርኛ የሚያዘጋጅ ሰው ሲፈልጉ፣ ስለ ሥራው ያላችሁን አስተያየት ጽፋችሁ ላኩ አሉ። ጃርቱ ያንን የአንቺን ጽሑፍ ላከ። የጣቢያው ሴትዮ አንብባ አለቀሰች አሉ፣ ሌላ ሰው አያስፈልገንም አለች አሉ። ቅዳሜ በቀጥታ ስርጭት፣ ሕዝብ እያየ ውሉን ይፈርማል። ከፈረመ በኋላ ጽሑፉ የእሱ ነው። ልጅቷ በአማርኛ አፏን የምትከፍተው በእሱ ስም ነው። አንቺ እዚያው "አንዲት ልጅ" ሆነሽ ትቀሪያለሽ።

በዚህ ሳምንት መግቢያ ላይ ጃርቱ ለቅዳሜው ፀጉሩን ሊያስተካክል መጣ። ዓይነ ደፋር ነው፤ ሌላ ፀጉር ቤት መሄድ ይችል ነበር። ቤቱ ሙሉ ነበር። መካኒኩ በተራው ይጠብቃል፣ መምህሩ ጋዜጣ ይዟል፣ የታክሲው ሹፌር ዝም ብሎ ለወሬ ተቀምጧል። እኔ የአንገት ጨርቁን አሰርኩለትና ማሽኑን አንስቼ ከቀኝ ጎኑ ጀመርኩ። እመኚኝ፣ ያን ጊዜ ምንም አላሰብኩም ነበር። አንድ ጆሮ ትንሽ መንካት አስቤ ነበር እንጂ።

ሹፌሩ "ጣቢያውን ያስለቀሰውን ንግግርህን እስቲ እዚህ እንስማው" አለ። ጃርቱ ደስ አለው። ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ በቻናሉ ላይ የለቀቀውን ቪዲዮ ከፈተ፣ ድምፁንም ከፍ አደረገው። እዚያ ትልቁ ስክሪን ላይ ፀጉሩ ቆሞ፣ ድምፁ ወፍሮ፣ ያንቺን ቃል ማንበብ ጀመረ። ዝምታው በጣቴ ሥር ነበር አለ። ጀግናው ፊት የለውም አለ። መምህሩ ጋዜጣውን አጠፈ። መካኒኩ እንኳ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አዞረ።

እኔ ማሽኑን እየነዳሁ አንድ ነገር አሰብኩ። ቋንቋችን ለሌባ እንዴት ይመቻል! "እኔ" ስንል ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። እኔ አየሁ፣ እኔ አዘንኩ፣ እኔ ጠበቅሁ፤ የሴቲቱም የወንዱም አንድ ነው። አንቺ ከልብሽ የጻፍሽው ሁሉ በእሱ አፍ ውስጥ አንድ ፊደል ሳይቀየር አለፈ። የሰረቀውን ልብስ ማጥበብ ማስፋት አላስፈለገውም፣ እንዳለ ገባለት።

ይህን ሳስብ ንባቡ ወደ መጨረሻው ደረሰ። ያቺ ቦታ ላይ፣ ባቡሩ ሄዶ ልጅቷ ብቻዋን የቀረችበት ጋ። ጃርቱ በዚያ በወፍራም ድምፁ እንዲህ ብሎ አነበበ፤ "ያን ጊዜ ፊቴ በእንባ ታጥቦ ራሴን ተቆጣሁት። አንቺ ጅል፣ ምን ያስለቅስሻል? ጨዋታ እኮ ነው። ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ አልኩት።"

የማሽኑ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ሰው ለሌላው ሲናገር ራሱን ይደብቃል፤ ራሱን ሲቆጣ ግን ማንነቱ ያመልጠዋል። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ራስሽን የምትቆጪ ልጅ ነሽ፤ ሳህን ስትሰብሪ እኛ አፋችንን ሳንከፍት "እጅሽ ይሰበር" ብለሽ ራስሽን ትገስጪ ነበር። ጃርቱም ያቺን መስመር ሳያይ አለፋት። ስንት ጊዜ አንብቧት፣ ስንት ሺህ ሰው ሰምቷት፣ ሁሉም ለልጅቷ የተናገረ መስሏቸው አልፈዋል። የፀጉር ቤት ጆሮ ግን ሌላ ነው።

መጀመሪያ የተነፈሰው መካኒኩ ነው። "ይቅርታ" አለ፣ ረጋ ብሎ፣ "አሁን ፊትሽን ታጠቢ የተባለችው ማን ናት?" ጃርቱ ጉሮሮውን ጠረገና ለልጅቷ ነው አለ። መካኒኩ "አይ፣ ራሴን አልኩት ነው ያልከው። እኔ ሞተር ስጠግን ራሴን ስሳደብ አንተ ደደብ ነው የምለው። አንቺ ደደብ ብዬ አላውቅም" አለ። ሹፌሩ "ምናልባት ፀጉሩን ነው የተቆጣው" አለ። ጃርቱ የአጻጻፍ ስልት ነው ብሎ ሊያብራራ ጀመረ። መምህሩ መነጽሩን አወለቀና "ስልትማ ነው፤ የማን ስልት እንደሆነ ነው የጠፋን" አለ። ከዚያ ሳቅ። እንዲያ ያለ ሳቅ በዚያ ቤት ሰምቼ አላውቅም። ሴት ስለተባለ ስቀውበት እንዳይመስልሽ፤ እሱ ብቻ ቢሆን እኔው ዝም አሰኛቸው ነበር። የሳቁት ሌባው በገዛ አፉ ባለቤቷን ስለጠራት ነው።

ጃርቱ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። እኔም አየሁት። ያን ጊዜ ነው ማሽኑን ያጠፋሁት። የቀኝ ጎኑ አልቋል፣ የግራው እንደ እሾህ ቆሟል። ለምን አቆምክ አለኝ። መብራት ጠፋ አልኩት። ቴሌቪዥኑ እየሠራ ነው። አምፖሉ ራሳችን ላይ በርቷል። መካኒኩ ወደ ጣሪያው አንጋጥጦ "እውነትም ጨልሟል" አለ። ጃርቱ ጨርስልኝ ሲለኝ ጎንበስ ብዬ "ከአንገትህ በላይ ያለው ሁሉ የእኛ ቤት ነው፤ ፀጉሩ የእኔ፣ ሐሳቡ የእሷ። የእኔን ድርሻ ግማሹን ወስጃለሁ" አልኩት። "በዚያው ስክሪን ላይ፣ በዚያው ወፍራም ድምፅህ፣ ስሟን ከነአባቷ ስም ስትጠራ መብራቱ ይመጣል። እስከዚያ በዚህ በር እንዳትገባ፣ በዚያኛውም።" መምህሩ ይህን ሲሰማ "ይሄ የቤት ጣጣ ነው፣ ተነሱ" ብሎ ሰዎቹን ይዞ ወጣ። ሹፌሩ ግን መስኮቱ ጋ ቆሞ ቀረ።

ጃርቱ የእኔን ፎጣ ጭንቅላቱ ላይ ጠምጥሞ ሄደ። ፎጣዬንም አልመለሰም።

እዚህ ላይ የቆምኩ መስሎሽ ከሆነ አጎትሽን አታውቂውም። ሹፌሩ በመስኮቱ ያነሳውን የግማሽ ጭንቅላቱን ፎቶ በከተማው ፀጉር ቆራጮች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩትና "ይህ ያልተጠናቀቀ ሥራዬ ነው። ባለሙያ በባለሙያ ሥራ ላይ እጁን አያስገባም" ብዬ ጻፍኩበት። ገበያው ጋ ያለው ውሃ ተቋርጧል ብሎ መለሰው አሉ። ድልድዩ ጋ ያለው ማሽኔ ታሟል አለው። አንዱማ፣ እግዜር ይባርከውና፣ "እኔ የምሠራው ሙሉ ጭንቅላት ላላቸው ነው" ብሎታል። እኔ ይህን ስሰማ ያገኘሁትን ደስታ ልነግርሽ አልችልም። ብቻዬን እየሳቅሁ የአንድ ሰው ቅንድብ ልላጭ ነበር።

ሁሉም ግን አልሳቀም። አክስትሽ የሆነውን ስትሰማ "አንድ ጭንቅላት ለሁለት ከፍለህ ደጅ ትጥላለህ?" አለችኝና ከዚያ ወዲያ ቃል አልጨመረችም። ምግቤን ታቀርባለች፣ ፊቷን ታዞራለች። ልጁ ጓደኛው ዘንድ ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው ብላ ለግድግዳው ትናገራለች፣ እኔ እንድሰማው። የግቢውን በር እኔ እቆልፋለሁ፣ እሷ ሄዳ ትከፍታለች። እኔ ደግሞ ሄጄ እቆልፋለሁ። መቀርቀሪያው ሊያልቅ ነው። አንቺንም ትናፍቅሻለች፤ ስምሽን የምትጠራው ግን ከእሱ ስም ጋር አጣምራ ነው።

ነገ ቅዳሜ ነው። ከስርጭቱ በፊት ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ኮፍያ አድርጎ ሊፈርም ይችላል፤ ፊርማ ፀጉር አይጠይቅም። ይህን ሳስብ ደስታዬ ይቀዘቅዝብኛል፣ እውነቱን መናገር ካለብኝ። ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል፤ አንዴ በሌላ ሰው ስም የወጣ ጽሑፍ ግን ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ካሜራው ፊት ዝም ብሎ ቢፈርም፣ መካኒኩንና ሹፌሩን ይዤ ጣቢያው በር ላይ ለመቆም ወስኛለሁ። ሹፌሩ ጥሩምባውን አሠርቷል።

አንቺም ልብ በዪ። ለስለስ ያለ መልእክት ቢልክልሽ፣ የልጅነታችሁን ነገር ቢያነሳ፣ ያቺን ዛፍ ላይ የወጣችሁባትን ቀን ቢያስታውስሽ፣ እንዳትበርጂለት። ኩርፊያሽ ገና ትኩስ ነው፣ በርካሽ እንዳታወጪው። ደግሞ ይህን ልንገርሽና ልጨርስ፤ አኒሜ ላለማየት መማልሽ ለእሱ ሁለተኛ ስጦታ ነው። ማሳውን ወስዶብሽ ዘሩንም አንቺው ታቃጥይለታለሽ? ባይሆን ተነሺና በራስሽ ላይ ተቆጪ። በእጅ ጽፈሽ ለእኔ ላኪው፣ እኔ በፀጉር ቤቱ አነበዋለሁ፤ ድምፄ ጎርናና ነው፣ አንቺ ጅል የሚለው ላይ ስደርስ ግን ማን እንደጻፈው አስቀድሜ እናገራለሁ።

በይ እንግዲህ፣ ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ስምሽን በሙሉ የሚጠራ አፍ ይስጥሽ። ዓይንሽን ይጠብቅልሽ። ከቀና ሰው ጋር ያገናኝሽ፣ ካልተገናኘሽም ቀና ያልሆነውን ቶሎ የሚ

ቆዪ። በር ተንኳኳ። ማንንም አልጠበቅሁም። አክስትሽ ከወጥ ቤት ቀድማኝ ሮጠች።

ተመለስኩ። ቆሜ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌ ቢበላሽ ታገሺኝ።

ጃርቱ ነው፤ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እያለ ነው ያንኳኳው። ፎጣዬን አጥቦ፣ አጥፎ ይዞ መጥቷል። ጭንቅላቱን ሙሉ በሙሉ ላጭቶታል፣ ራሱ በምላጭ፣ እንዴት አድርጎ እንደቧጨረው ሳይ ለሙያዬ አለቀስኩ። አክስትሽ፣ እናቱ፣ በእርጥብ ጨርቅ ደሙን እየጠረገች "ልጄን ምን አድርገህ መለስክልኝ" አለችኝ፤ በስንት ቀኗ አነጋገረችኝ። እሱ ከደፉ አላለፈም። "አባባ፣ ለጣቢያዋ ሴትዮ ጽሑፉ የእኔ አይደለም ብዬ ነግሬያታለሁ" አለኝ። ማን ጻፈው ስትለው ስምሽን ከነአባትሽ ሰጣት። ሴትዮዋ ላግኛት ብላለች። አድራሻሽን ስጠኝ፣ ሄጄ ለእሷም ልንገራት ይለኛል። በአደባባይ የወሰድከውን በጓዳ አትመልስም አልኩት። ነገ፣ በቀጥታ ስርጭት፣ በዚያ በተላጨ ጭንቅላት። አንገቱን ደፍቶ "እሺ አባባ" አለ።

አሁን ልግባ ወይ እያለኝ ነው። እናቱ እጄን ይዛ ትጎትተኛለች። ይህን ጥያቄ ግን እኔ አልመልሰውም፣ ባለቤት አለው። ይህን ወረቀት ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፤ ጥሪ ማዕከልሽ ደውዬ ስልክሽን እንድትከፍቺ መልእክት እተውልሻለሁ፣ አንብቢና መልሺልን። እስከዚያ ደጅ ይቆማል።

አጎትሽ